አንድ ፊት ቀርቷል

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የጻፍኩት ነገር ቢኖር በፎቶ ቤታችን ፖስታዎች ላይ የሰው ስም፣ በሚሞሪ ካርድ ላይ ደግሞ «7ኛ ሒሳብ» እና «8ኛ ሒሳብ» የሚል ነው። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል ብዙ አላለፈም። ሰባተኛን ጀምሬ ሁለት ወር ሳይሞላኝ ተውኩት። ስለዚህ ፊደል ብስትም ሐሳብ ብዘልም አትፍረዱብኝ።

እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ ቪዲዮ ነው። የሒሳብ መምህሩ ጋሽ ይማም ባለፈው ጥር ደሴ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። አላህ ይርሐማቸው። ከዚያ ወዲህ ያስተማሯቸው ልጆችም፣ ርዕሰ መምህሩም ወደ ሱቃችን እየመጡ «የጋሽ ይማም ቪዲዮ እናንተ ጋ አለ አሉ፤ ስጡን» ይላሉ። አለ። በሕይወታቸው ሲያስተምሩ የተቀረጹት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እኛ ጋ ነው። ችግሩ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ሴት እሳቸው ላይ ትጮሃለች። የምትጮኸው እኔ ነኝ።

በከተማችን በመካነ ሰላም የኔን ድምፅ በደንብ የሰማ ሰው ጥቂት ነው። ሱቅ ውስጥ እንኳ ደንበኛ ሲያናግረኝ በጭንቅላቴ ነው የምመልሰው። አሁን ይህ ሁሉ ሰው ቪዲዮውን ይዞ ቤቱ ሊገባ ነው። «ይህች ባለጌ ማን ናት?» ከመባሉ በፊት ለምን እንደጮህኩ ማስረዳት አለብኝ። በአፌ ስለማልችል እጽፈዋለሁ።

በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ታታሪ፣ ትሑትና በሁሉም ዘንድ ተወዳጅ መምህር ነበሩ» ይላል። ወረቀቱን ያተምኩት እኔ ስለሆንኩ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ታታሪ መሆናቸው እውነት ነው። «በሁሉም ዘንድ ተወዳጅ» ብሎ የጻፈውን ሰው ግን ሒሳብ አላስተማሩትም ማለት ነው። ጋሽ ይማም ሰው የሚያበግኑ ሰው ነበሩ።

ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ክረምት ከበጋ ጃንጥላ አይለያቸውም፤ የኮታቸው የቀኝ ኪስ በጠመኔ ነጥቶ ቀርቷል። መንገድ ላይ ሰላም ሲሉ እንኳ የሰውን ፊት እንደ ተጻፈ ነገር ከላይ እስከ ታች ያነቡታል። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ስትሏቸው «ደህናስ አይደለህም» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። የበለጠ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ክፍል ውስጥ ሕጋቸው አንድ ነበር። እያስተማሩ ድንገት ያቆማሉ። ጠመኔውን ያስቀምጣሉ። ስልሳ ምናምን ልጅ ላይ ዓይናቸውን ያዞሩና «አንድ ፊት ቀርቷል» ይላሉ። ያልገባው ልጅ አይተዋል ማለት ነው። ያ ፊት እስኪመጣ ድረስ ማንም ወደፊት አይሄድም። ጎበዞቹ ያዛጋሉ፤ የኋላዎቹ ይሳሳቃሉ፤ ደወል ይደወላል፤ እሳቸው እዚያው ናቸው። በዚህ የተነሳ መጽሐፉን ጨርሰው አያውቁም። በየዓመቱ ሁለት ምዕራፍ ይተርፋል። ርዕሰ መምህሩ ሲቆጧቸው «መጽሐፉማ መቼ ይጠፋል? የሚጠፋብኝ ልጁ ነው» ብለው መለሱ ይባላል። ጥሩ መልስ ነው፤ ፈተናው ላይ ግን የሚመጡት እነዚያ ሁለት ምዕራፎችም ናቸው።

አባቴና እሳቸው በአንድ ቅርጫ ነበሩ። ለአረፋ አሥር አባወራ ሆነው በሬ ያርዳሉ። ሥጋውን የሚያከፋፍሉት ጋሽ ይማም ናቸው፤ ሌላ ሰው ካከፋፈለውማ እንደገና ያከፋፍሉታል። ከጉበቱም፣ ከጎድኑም፣ ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ እኩል ካልደረሰ ዕጣ አይጣልም። አንድ ቁራጭ ጨጓራ ይዘው ከመደብ መደብ ሲዞሩ አባቴ «ኧረ ጋሽ ይማም፣ ሥጋው ቅጠሉ ላይ ሊያረጅ ነው!» እያለ ይነጫነጫል። ይህንኑ ቅርጫ ነው ወደ ክፍል ይዘውት የመጡት።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ የጻፉት «ሦስት፣ ቅንፍ ውስጥ ኤክስ ሲደመር ሁለት» የሚል ነበር። ቅንፉን እንድፈታ እኔን ጠሩኝ። ሰሌዳ ፊት ቆሜ አላውቅም ነበር። «ሦስት ኤክስ ሲደመር ሁለት» ብዬ ጻፍኩ።

«ለኤክስ ሦስት ሰጠሽው» አሉ። «ሁለቱንስ? ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ልትሸኚው ነው?»

ክፍሉ ሳቀ።

«ቅርጫ ነው እንበል። ሦስት መደብ አለ። እያንዳንዱ መደብ ላይ መጠኑን የማናውቀው ሥጋ አለ፤ እሱ ኤክስ ነው። ሁለት ሁለት ቁራጭ ጨጓራም አለ። ጨጓራው በጠቅላላ ስንት ቁራጭ ነው?»

ስድስት ነው። ወዲያው ገባኝ። ቅንፍ ማለት መደብ ነው፤ ከውጭ ያለው ቁጥር ውስጥ ላሉት ለሁሉም ይደርሳል። እንዲህ በቀላሉ የገባኝ ነገር የለም። ግን ስልሳ ልጅ እየሳቀብኝ ነበር፤ ፊቴ ነዷል፤ አንገቴን ደፍቻለሁ፤ አፌ አልከፈት አለ። ጋሽ ይማም ፊቴን አዩት። ጠመኔውን አስቀመጡ።

«አንድ ፊት ቀርቷል።»

ሦስት ቀን። ሦስት ቀን ሙሉ ክፍሉ በኔ ምክንያት ቆመ። ቅርጫውን በጤፍ፣ ጤፉን በእንቁላል ቀየሩት። በየቀኑ ወደ ሰሌዳ ይጠሩኛል፤ በየቀኑ ፊቴ ይብሳል፤ በየቀኑ እሳቸው ይብሳሉ። ከክፍል ስንወጣ ልጆቹ ይከተሉኛል። «ሰዓዳ! ጨጓራሽ ደረሰሽ?» «ለሰዓዳ ጨጓራ አስቀምጡላት!» በአራተኛው ቀን አልሄድኩም። የቤት ውስጥ ሥራ ነበር፤ እናቴም አሟት ነበር፤ ሰበብ አላጣሁም። ቀኑ ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ዓመት ሆነ።

ጋሽ ይማም ሁለት ጊዜ ቤታችን መጡ። ሁለቴም ጓዳ ገብቼ ተደበቅሁ። በሁለተኛው ጊዜ እናቴ «የለችም» ስትላቸው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ለካ አጥሩን ዞረው በጓዳው በኩል ቆመዋል። ከአጥሩ ማዶ ጮክ ብለው «ሰዓዳ፣ እንቁላሉን ተይው! ወደ ጨጓራው እንመለስ!» አሉ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ። እስቲ አሁን ይህ በሰው ላይ የሚደረግ ነገር ነው?

ካደግሁ በኋላ የእናቴ ወንድም ኑርዬ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሥራ ሰጠኝ። ፎቶ እናትማለን፤ ኮፒ እናደርጋለን፤ ኔትወርክ ደህና በሆነ ቀን ደግሞ አጎቴ ከቴሌግራም የትምህርት ቪዲዮ ያወርዳል፤ እኔ ለተማሪዎች ሚሞሪ ላይ እጭናለሁ። እንዲህ ስጭን ነው የሰባተኛ ሒሳብን እንደገና ያየሁት።

እውነቱን ልናገር፤ ቪዲዮው አሳረፈኝ። የከተማ መምህር ነው፤ ሸሚዙ ንጹሕ፣ ጽሑፉ የታተመ የሚመስል። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደርግና እከፍተዋለሁ። አያየኝም። ሰሌዳ አይጠራኝም። አሥራ አምስት ጊዜ ብመልሰው አይሰለቸውም። አምስት ምዕራፍ ማንም ሳያውቅ ጨረስኩ። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና በግል ልፈተንና ዘጠነኛን በማታ ልማር የሚል ሐሳብም ገባኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ጋሽ ይማም ያልደረሱባቸውን ሁለት ምዕራፎች ተማሪዎቻቸው ከየት የሚማሩ ይመስላችኋል? ከኛ ሱቅ ነው። ስጭንላቸው በልቤ «አያችሁ?» እላለሁ። ለማን እንደምል አላውቅም።

ግን ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ተያዝኩ። ከቅንፍ በፊት የመቀነስ ምልክት ሲኖር ውስጥ ያለው መቀነስ መደመር ይሆናል ይላል ሰውየው። ለምን? አይናገርም። «ምልክቱ ይቀየራል፤ እንደገባችሁ ተስፋ አደርጋለሁ» ይልና ይስቃል። አሥራ አምስቴ መለስኩት። አሥራ አምስቴ ተስፋ አደረገ፤ አሥራ አምስቴ ሳቀ።

ጋሽ ይማም ሱቃችን መምጣት የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው፤ ከቪዲዮው ጋር ሊጣሉ። አጎቴ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍተው በሩ ላይ ይቆማሉ።

«አቁመው! አቁመው ኑርዬ! አሁን ‹ገባችሁ?› አላለም?»

«ብሏል ጋሼ።»

«መልሱን ሳይሰማ ወዴት ነው የሚሮጠው?»

«ቪዲዮ እኮ ነው፤ እንዴት ብሎ ይሰማል?»

«ካልሰማ ለምን ጠየቀ?»

ደግሞ ፍትሐዊ ለመሆን ይሞክራሉ፤ እሱም ያበግናል። «ጽሑፉ ከኔ ይሻላል። አወቃቀሩም ጥሩ ነው። ይህን ልጅ ስድስት ወር ወደኔ ቢልኩት መምህር ይወጣዋል» ይላሉ፤ ሰውየውን አገር ምድሩ ያየዋል! እኔ ከማተሚያው ጀርባ አንገቴን ደፍቼ እሠራለሁ። ያወቁኝ አልመሰለኝም። ሻሽ አስሬያለሁ፤ አድጌያለሁ።

በጥቅምት ርዕሰ መምህሩ እያንዳንዱ መምህር አንድ ትምህርት በቪዲዮ ቀርጾ ለቴሌግራም ቻናሉ እንዲሰጥ አዘዙ። ጋሽ ይማም ከመቀረጽ ይልቅ መባረርን እንደሚመርጡ ተናገሩ። በመጨረሻ አንድ ረቡዕ ከሰዓት ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። የደረሳቸው ምን ይመስላችኋል? ከቅንፍ በፊት ያለ የመቀነስ ምልክት።

አጎቴ ፏፏቴ የተሳለበትን የፎቶ መጋረጃ ጠቅልሎ ነጭ ሰሌዳ አቆመ። ስልኩን የምይዘው እኔ ሆንኩ። ጀመሩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ቆሙ። ዓይናቸው ከስልኩ በላይ፣ እኔ ላይ ነው።

«አንድ ፊት ቀርቷል።»

«ጋሼ» አለ አጎቴ፣ «እሷ ተማሪ አይደለችም። ስልኩን ይዩ።»

«ስልኩ ፊት የለውም።»

እንደገና ጀመሩ። እንደገና ቆሙ። አጎቴ ስልኩን መቆሚያ ላይ አሰረና እኔን ወደ ጓሮ ላከኝ። በመስኮት አየኋቸው። ማርከሩን እንደያዙ ዝም ብለው ስልኩን ያዩታል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፤ ቃል አልወጣቸውም። አጎቴ ራሱን ይዞ «ነይ ግቢ፤ ተሸነፍኩ» አለኝ።

ገባሁ። ስልኩ እየቀረጸ ነው። እሳቸው ሰሌዳው ላይ «አሥር ሲቀነስ፣ ቅንፍ ውስጥ ኤክስ ሲቀነስ ሁለት» ብለው ጻፉና ወደኔ ዞሩ።

«ሁለቱ ምን ይሆናል?»

ያው ፊቴ ነደደ።

«አብሽሪ ልጄ። እስኪገባሽ እንቆማለን። ቸኩሎ የሚሄድ የለም።»

እንቆማለን። ያቺን ቃል ስሰማ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ጮህኩ። ቪዲዮው ላይ የምትሰሙት ይህ ነው።

«ይበቃል! አይቁሙብኝ! ከትምህርት ቤት ያስወጡኝ አንቱ ነዎት! ሦስት ቀን አቁመውኝ መሳቂያ አደረጉኝ!»

አጎቴ «ሰዓዳ!» አለ፤ ደነገጠ። ጋሽ ይማም ፊቴን ትኩር ብለው አዩና ቀስ ብለው «የአጥሩ ልጅ» አሉ።

«አዎ።»

«በሦስተኛው ቀን ገብቶሽ ነበር?»

«በመጀመሪያው ቀን ነው የገባኝ። ጨጓራው ስድስት ነው።»

«ታዲያ ፊትሽ…»

«አፍሬ ነው! ስላልገባኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው!»

ማርከሩን ክዳኑን ሳይገጥሙ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ኪሱ ሰማያዊ ሆነ። ለፓስፖርት ፎቶ ሰው የምናስቀምጥባት ዱካ ላይ ተቀመጡ። በቪዲዮው ላይ ያለው ረጅሙ ዝምታ ይህ ነው። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። እሳቸው ያኔ የሚያስቡትን አላውቅም፤ እኔ ግን ያቆሟቸውን ልጆች ሁሉ አሰብኩ። ስንቶቹ ሳይገባቸው ቀርቶ ነው፣ ስንቶቹ አፍረው ነው? በመጨረሻ «ሠላሳ ዓመት ያነበብኩት ሌላ ነገር ኖሯል» አሉና ጃንጥላቸውን ረስተው ወጡ።

ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። በማግስቱ ጃንጥላቸውን ሊወስዱ መጡ። አልወሰዱትም። ዱካዋን አንስተው ደጃፉ ላይ አስቀመጡና ጀርባቸውን ለኔ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀመጡ።

«አላይሽም» አሉ። «ቪዲዮው ከኔ የሚሻለው በዚህ ነው፤ አያይም። እኔም አላይም። ግን ስታወሪ እሰማለሁ፤ እሱ አይሰማም። አሁን ንገሪኝ፤ አሥር ቁራጭ ሥጋ ትሪ ላይ አለ። አንድ መደብ ታነሻለሽ። ከመደቡ ላይ ግን ሁለት ቁራጭ አስቀርተሻል። ሁለቱ የት ናቸው?»

ከማተሚያው ጀርባ ሆኜ፣ ጀርባቸውን እያየሁ፣ «ትሪው ላይ» አልኩ።

«እንግዲያ ለትሪው ተቀነሱ ወይስ ተደመሩ?»

አሥራ አምስት ጊዜ ያልገባኝ ነገር በአንድ ጀርባ ገባኝ።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት በኋላ ይመጡ ነበር። ሰባተኛን ጨርሰን ስምንተኛን ጀመርን። ባሕሪያቸው ተለወጠ እንዳትሉ። ድምፄ ካነሰ «አልሰማሁም!» ብለው መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ይጮኻሉ። ደንበኛ ሲገባ «ቆዩ፣ ቅንፍ ውስጥ ነን» ብለው በጃንጥላው ይከለክላሉ። አንድ ቀን ለሠርግ ፎቶ የመጡ ሙሽሮችን ጭምር በር ላይ አቆሟቸው፤ አጎቴ ሊያብድ ደረሰ። ስሳሳት ጀርባቸው እንኳ ይታወቃል፤ ትከሻቸው ይወርዳል። «ትከሻዎን አያውርዱብኝ» ስላቸው «እሱንማ ምን ላድርገው?» ይላሉ። ተማሪዎቻቸው እንደነገሩኝ ክፍል ውስጥም አዲስ ነገር ጀምረው ነበር። ልጆቹ ያልገባቸውን በቁራጭ ወረቀት ስም ሳይጽፉ ይሰጧቸዋል፤ እሳቸው ወረቀቱን ያነብቡና «አንድ ወረቀት ቀርቷል» ይላሉ። መጽሐፉ ግን አሁንም አላለቀም።

ክፍሉ ይሻላል ወይስ ቪዲዮው ብላችሁ ብትጠይቁኝ አንድ መልስ የለኝም። ቪዲዮው ባይኖር ኖሮ ሒሳብን ዳግም አልነካም ነበር። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ አሥራ ስድስተኛ ጊዜ እየመለስኩት እቀር ነበር። የሚያናድደኝ፣ ሁለቱም ለኔ በሚሆን መንገድ የተገኙት እሳቸው ከአጥሩ ማዶ ከቆሙ ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አጎቴ ቪዲዮውን ቆርጠን የኔን ድምፅ እናውጣው ብሎ ነበር። ሞከርነው። የቀረው እሳቸው ዝም ብለው የቆሙበትና የተቀመጡበት ብቻ ነው። እሳቸው ብቻቸውን አይናገሩም፤ ሰው ካልመለሰላቸው ትምህርቱ የለም። ስለዚህ ሳይቆረጥ፣ ከነጩኸቴ ይሰጣል። ለርዕሰ መምህሩ ነግሬያቸዋለሁ። «ድምፁ ያንቺ መሆኑ ይታወቅ?» አሉኝ። ይታወቅ። ለፈተናውም በግል ተመዝግቤያለሁ። በሰኔ ከልጆቹ ጋር እቀመጣለሁ፤ «ጨጓራሽ ደረሰሽ?» የሚለኝ ካለ «ስድስት» እለዋለሁ።

የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነበር። ደሴ ለሕክምና እንደሚሄዱ፣ መኪናው እስኪሞላ ትንሽ ጊዜ እንዳላቸው ተናግረው ዱካዋ ላይ ተቀመጡ፤ ያው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ። ኮቱ ሰፍቷቸው ነበር። አንድ ረጅም ጥያቄ ሰጡኝ፤ ሁለት ቅንፍ፣ ሁለት መቀነስ። ወረቀት ሳልነካ፣ ቃል ሳልውጥ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ ፈታሁት። ትከሻቸው አልወረደም። ረዳቱ ከመናኸሪያው በኩል «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ጃንጥላቸውን ይዘው ተነሱ፤ አልዞሩም። እሺ ስላላልኳቸው፣ ሳይፈቀድላቸው አይዞሩምና፣ እንዲያው ወደ መኪናው ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት በሩ ላይ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ የጠየቁኝ ይህን ነበር፦

«አሁንስ ዞር ብዬ ልይሽ?»